ጎማ እንቆርጣለን፣ ጎማ አናባክንም፦ የሳይክል ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን አዲስ ስም ወጥቶለታል፤ «ጎማ ቆራጮቹ»። ማን እንዳወጣው ባላውቅም ከየት እንደመጣ ግን አውቃለሁ። ኅዳር ላይ አንድ ወላጅ ለልጃቸው ጉዳይ መጥተው ከላቦራቶሪው ጀርባ ሲያልፉ፣ አራት ተማሪዎች የሴጌቶ ምላጭ ይዘው የሳይክል ጎማ ሲገዘግዙ አዩ። በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥተውም «ልጆቻችን እዚህ የሚማሩት ዕቃ ማበላሸት ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ላየ ሰው ተገቢ ጥያቄ ነው። የተሰጠኝ ሁለት ደቂቃ ለመልስ ስላልበቃኝ፣ የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሳይክል ለመንዳትማ ሐዋሳ ላይ ክበብ አያስፈልግም። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ልጁም አዋቂውም ሳይክል ላይ ነው ያደገው። እኛ የምንለማመደው ትሪያል የሚባለውን ነው። ትሪያል ሽቅድምድም አይደለም። ድንጋይ፣ ግንድ፣ ደረጃና አቀበት ላይ በእርምጃ ፍጥነት፣ እግርን መሬት ሳያስነኩ ማለፍ ነው። በሞተር ሳይክል ትሪያል እግሩን አንዴ ያስነካ 1 ነጥብ ይያዝበታል፣ መንገዱን መጨረስ ያቃተው 5 ይያዝበታል፤ የሚያሸንፈው ጥቂት ነጥብ የተያዘበት ነው። በስኮትላንድ ለስድስት ቀን የሚካሄደው ዝነኛ ውድድር የተጀመረው በ1909 እ.ኤ.አ. ነው። ትሪያል ወደ ሳይክል የተሻገረው ደግሞ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በስፔን ካታሎኒያ ነው። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ሳይክል አለ፤ መቀመጫ እንኳ የለውም። እኛ ጋ እሱ የለም። ያሉን 7 ያገለገሉ ባለ 26 ኢንች የተራራ ሳይክሎች ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ የሠሩት 4ቱ ብቻ ናቸው። አባሎቻችን 19 ናቸው፣ 8ቱ ሴቶች።

አሁን ወደ ምላጩ ልምጣ።

የኋላ ጎማ ጥርስ እኩል አይበላም። ቀድሞ የሚያልቀው መሬቱን ቀድሞ የሚነካው ጠርዝ ነው፤ ፔዳሉን ስንረግጥ ድንጋዩን ወደ ኋላ የሚገፋው እሱ ነውና። ጎማው አዲስ ሳለ ያ ጠርዝ እንደ ሳጥን ጥግ ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ ድንጋይ ላይ ያለችውን ትንሽ ስንጥቅ እንኳ ይነክሳል። ሲዶለዱም ግን ይንሸራተታል። የጥርሱ ቁመት ግማሽ ሳይጎድል፣ ጎማው ለአስፋልት ገና ደህና ሆኖ ሳለ፣ ለድንጋይ ግን አለቀ ማለት ነው። ሊሾ እስኪሆን የሚጠብቅ ሰው ብዙ ወድቆ ነው የሚያውቀው።

ስለዚህ መጀመሪያ ጎማውን አውልቀን አዙረን እንገጥመዋለን፤ ያልተበላው ጠርዝ ወደ ሥራ ይገባል። ይህ ምንም ወጪ የለውም፣ ትንሽ ላብ ብቻ ነው። ያኛው ጠርዝም ሲዶለዱም የምላጩ ተራ ይመጣል። ጎማውን ጠጠር አድርገን እንነፋለን፤ ለስላሳ ከሆነ ከምላጩ ሥር ይሸሻል። ምላጩን የሳሙና ውሃ እናስነካዋለን፤ ደረቅ ጎማ ምላጭ ይይዛል። ከዚያ ከእያንዳንዱ ጥርስ የዶለዶመውን ፊት 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀጥ አድርገን እንቆርጣለን። ምላጩ ወደ ውስጥ ካዘነበለ የጥርሱ ሥር ይሳሳል፤ የሳሳ ጥርስ ሲረገጥ ይታጠፋል፣ ቆይቶም ይገነጠላል። ከጥርሶቹ ሥር ያለው የጎማው አካል በፍጹም አይነካም። የአንዱ ጎማችን የመሃል ጥርሶች 136 ናቸው፤ ልጆቹ አንድ በአንድ ስለቆረጧቸው ቁጥሩን በቃላቸው ያውቁታል። ለአንድ ጎማ ሁለት ቅዳሜ ይፈጃል። ሲያልቅ ጣታችሁን ብታስኬዱበት ጠርዙ ይሰማችኋል።

ለተከበሩት ወላጅ መልሴ ይህ ነው፤ ቢላ ሲደንዝ እንስለዋለን እንጂ አንጥለውም። እነዚያ ልጆች ሊጣል የደረሰ ጎማ እየሳሉ ነበር። በዚህ መንገድ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት አንድም አዲስ ጎማ ሳንገዛ ቆይተናል።

ያልተሳካም አለ። ጥር ላይ አንድ ጎማ በጥልቀት ተቆርጦ ክሩ ወጣ፤ ተጣለ። ከጎናቸው ሆኜ ማየት ነበረብኝ፤ ለሌላ ሥራ ተጠርቼ ሄድኩ። አንድ ተማሪ ጣቱን ተቆርጦ አስታመናል፤ ከዚያ ወዲህ ወፍራም ጓንት ያላደረገ ምላጭ አይነካም። ሁለት ቸርኬ ተጣሟል፤ አንዱ ተቃንቷል።

ስብሰባ 22 ጊዜ ተሰብስበናል፤ ቃለ ጉባኤው በክበባት አስተባባሪው እጅ ይገኛል። ኮሚቴ ተመርጧል፣ በግንቦት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ትርኢት አሳይተናል፣ ለአካባቢ ጥበቃ ክበብ ችግኝ በሳይክል አመላልሰናል።

ከጥርሱ በላይ ብዙ የተከራከርንበት ግን ንፋሱ ነው። በንፋስ የሚሞላ የሳይክል ጎማ ራሱ ለሕፃን ተብሎ እንደተሠራ ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ። ደንሎፕ የሚባለው የእንስሳት ሐኪም በ1888 እ.ኤ.አ. ቤልፋስት ውስጥ የሠራው ለልጁ ባለ ሦስት እግር ሳይክል ነው፤ ልጁ በጠንካራው ጎማ እየተንገጫገጨ ስለተቸገረ። እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው፤ ድንጋዩን የሚገፋ ሳይሆን ድንጋዩን የሚያቅፍ ጎማ።

በክፍል የምናስተምረው ነገር እዚህ በዓይን ይታያል። ጎማውን በውሃ በተበጠበጠ ጠመኔ ቀባን፣ አንድ ተማሪ ሳይክሉ ላይ አወጣን፣ ጥቁር ካርቶን ላይ አሳረፍነው፤ የተተወውን አሻራ በካሬ ቆጠሩት። ንፋሱን ቀንሰን ደገምነው። አሻራው ሰፋ። ስሌቱም ቀላል ነው። ከነሳይክሉ 74 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ሙሉ ክብደቱን በኋላ ጎማ ላይ ቢያሳርፍ፣ በ30 ንፋስ መሬት የሚነካው ስፋት ወደ 35 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ በ20 ወደ 53 ያድጋል። (ጎሚስታ ቤት «ስንት ላድርግልህ?» ሲሏችሁ የሚጠሩት ቁጥር ፒ.ኤስ.አይ. በሚባለው የግፊት መለኪያ መሆኑ ነው።) የሞተር ሳይክል ትሪያል ነጂዎች የኋላ ጎማቸውን እስከ 4 እና 5 ድረስ ያወርዱታል። እኛ ያን ያህል አንደፍርም። ንፋሱ ከልክ ሲያንስ ድንጋዩ ካላማዳሪያውን ከቸርኬው ጋር ያጣብቀውና ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳዋል። በጎማችን ጎን ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ ንፋስ 40 ነው። ያ ለመንገድ ነው፤ ከዚያ በታች የምንወርደው ድንጋይ ላይ በእርምጃ ስንሄድ ብቻ ሲሆን፣ ወደ ቤት ከመመለሳችን በፊት መልሰን እንነፋለን። ልጆቹ ይህን አንድም ቀን ረስተው አያውቁም።

መጋቢት ላይ በአንድ ቅዳሜ ታቦር ተራራ ወጣን። 13 ተማሪዎች፣ 4 ሳይክሎች፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ አንድ ፌስታል ቆሎ። ከተራራው ጎን ከጉልበት ትንሽ ዝቅ የምትል የድንጋይ እርከን አለች፤ በዓመቱ መጀመሪያ ላይ አይቻት «አንድ ቀን» ብዬ የተውኳት ናት። የክበባችን ጠንካራው ልጅ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ በ3ኛ ሙከራው አለፋት። የኋላ ንፋሱ 24 ነበር። ወዲያው ሁሉም «24! 24!» እያሉ ጎማቸውን አስተካከሉ።

አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ አለችን፤ 42 ኪሎ ናት። የፊቱን ጎማ አሳምራ ታወጣለች፤ የኋላው ግን ጠርዙ ላይ ይነጥርና ወደ ጎን ያዳልጣታል። ሰባት ጊዜ ሞከረች። ስትወድቅ አይቼ «ይብቃሽ፣ ዕረፊ» ልላት ስል አንድ ልጅ ቀደመኝ።

ይህ ልጅ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ማታ ማታ መናኸሪያው አካባቢ ጎሚስታ ቤት ይሠራል። ክፍል ውስጥ የኋላ ወንበር ነው የሚቀመጠው፤ ዓመቱን ሙሉ እጁን ሲያወጣ አላየሁም፣ በእኔ ፈተናም ከግማሽ በላይ አምጥቶ አያውቅም። ሄደና ከሳይክሏ አጠገብ ተንበረከከ። «አንቺ ቀላል ነሽ፤ የእሱ ንፋስ ላንቺ አይሆንም» አላት። ቫልቩን በጥፍሩ ተጫነ። ሲስስስ አለ። ቆመ፣ ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጫነው፣ ትንሽ ጨመረ፣ እንደገና ተጫነው። «16 ነው» አለ።

መለኪያ አልተጠቀመም፤ ቢጠቀምም አይረዳውም ነበር። የክበባችን መለኪያ እስከ 160 የሚቆጥር ነው፤ ከ20 በታች መርፌው ከቦታው አይነቃነቅም። እኔም ጠመኔ አውጥቼ እርከኗ ላይ አሰላሁ። የ12ኛ ክፍሉ ልጅ ከነሳይክሉ 82 ኪሎ፣ እሷ ከነሳይክሏ 56። ለእሱ 24 ከሆነ፣ ተመሳሳይ አሻራ እንዲኖራት ለእሷ 16.4። ቁጥሩን እያየሁ ዝም አልኩ። ልጆቹም ዝም አሉ። የጎሚስታ ቤቱ ልጅ ብቻ ቀና ብሎ «ቲቸር፣ ልክ ነው?» አለኝ።

ንፋሱ ከተስተካከለላት በኋላ በሁለተኛው ሙከራዋ ወጣች። የኋላው ጎማ እርከኗ ላይ ሲያርፍ ጨምደድ ብሎ ሲይዝ አየሁት፤ የቆረጥነው ጠርዝ ስንጥቋ ውስጥ ገብቷል። እግሯ አልነካም። ላይ ሆና ለመውረድ ፈርታ እየሳቀች ቆየች።

እኩለ ቀን ላይ ደግሞ «ጎማው ጠጠረብኝ» ብላ ተመለሰች። ልጁ ዞር ብሎ ፀሐዩን በአገጩ አሳያት፤ ትንሽ አስተነፈሰላት። እውነቱን ነው። ጠዋት በ15 ዲግሪ 16 የነበረ ጎማ፣ በ30 ዲግሪ ከ17 ያልፋል፤ በዚህ ዝቅተኛ ንፋስ ላይ ያቺ አንድ ቁጥር ትሰማለች።

በዚያ ቀን ያየሁትን ዕውቀት የሚጠይቅ ጥያቄ በፈተናዬ ላይ አውጥቼ አላውቅም ነበር። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ማጠቃለያ ላይ አንድ አውጥቻለሁ። ልጁ ከሚያዝያ ጀምሮ የክበቡ የጎማ ኃላፊ ነው፤ አዳዲሶቹን አባላት በአውራ ጣት መለካት የሚያስተምረው እሱ ነው። ማታ የሚሠራበት ጎሚስታም ኮምፕሬሰሩን በነፃ ያስጠቅመናል፤ በክበቡ ስም አመሰግነዋለሁ።

አሁን ወደሚያስፈልገን። የኳስ ክበቡ ዘንድሮ ማሊያ ተገዝቶለታል፤ ይገባዋል፣ ደስም ብሎናል። የሳይክል ክበብ ግን ዓመቱን ሙሉ ከትምህርት ቤቱ የወሰደው አንድ ፓኮ ጠመኔ ነው። ካላማዳሪያውን፣ ማስቲሹን፣ ምላጩን ያዋጡት ልጆቹና መምህራን ናቸው። «የጨዋታ ክበብ ነው» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ግፊትን፣ ስፋትን፣ ሙቀትን በእጃቸው ዳስሰው የሚያውቁ 19 ተማሪዎች አሉንና፣ ማንኛውም ባልደረባ ቅዳሜ 3 ሰዓት መጥቶ ይጠይቃቸው።

ለ2018 የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ከ0 እስከ 30 የሚቆጥር አንድ መለኪያ፤ የልጁ አውራ ጣት ከእኛ ጋር የሚቆየው እስኪመረቅ ድረስ ነው። 4 አዲስ የኋላ ጎማ፤ አንድ ጎማ ሲገለበጥ ሁለት፣ ሲቆረጥ ሦስት ዕድሜ እንዲኖረው የምናደርግ ስለሆንን ለዓመቱ ይበቃናል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ጥላ። ከላቦራቶሪው ጀርባ ያለችውን ቆርቆሮ መጋዘን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ የተሰባበሩ ዴስኮች ስለሞሏት ሳይክሎቹ የሚያድሩትም የሚውሉትም ውጭ ነው። ጎማ በፀሐይ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፤ የደረቀ ጎማ ደግሞ ጥርሱን የቱንም ያህል ብንስለው ድንጋይ አይዝም። ዴስኮቹ ከተነሡልን መጋዘኗን እኛው እናጸዳለን፣ ሳይክሎቹንም እኛው እናስገባለን። ይህን በጽሑፍ ለርዕሰ መምህሩ አቅርበናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።

ቤታችሁ ያረጀ ባለ 26 ኢንች ጎማ ያላችሁ ወላጆች፣ ሊሾ የሆነም ቢሆን አትጣሉት፤ አዲስ አባላት አቆራረጥ የሚለማመዱበት እሱ ላይ ነው። በር ላይ ለጥበቃው ብትሰጡልን ይደርሰናል።