መጀመሪያ ልጆቹን፣ ከዚያ አሰልጣኙን

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። የስፖርት ገጻችሁን አዘውትሬ አነባለሁ። ከላይ እስከ ታች እግር ኳስ ነው፣ ግድ የለም፣ እሱንም እወዳለሁ። አልፎ አልፎ ስለ ቅርጫት ኳስ ስትጽፉ ግን መጨረሻችሁ ሁሌም አንድ ነው፤ "ብቁ አሰልጣኝ ጠፋ" ብላችሁ ትዘጉታላችሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ እዚህ ላይ ልሞግታችሁ ብዬ ነው። ብቁ ለማን? ለየትኞቹ ልጆች? አንድ አሰልጣኝ ለአንዱ ቡድን አንደኛ፣ ለሌላው ደግሞ መከራ ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው አንድ ሆኖ ሳለ ማለት ነው።

እኛ ሰፈር፣ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ካለው አካባቢ የተሰባሰቡ ወጣቶች የሚጫወቱበት አንድ ቡድን አለ። ስሙን ልተወው። ሁለት በጣም ረጃጅም ልጆች አሉት፤ እግራቸው ከበድ ይላል፣ ግን ቅርጫቱ ሥር ኳስ ከደረሳቸው ማንም አይነጥቃቸውም። ኳስ የሚያደራጅ አንድ ልጅ አለ፣ የማይደነግጥ፣ ሜዳውን የሚያይ። ከሩቅ ወርውሮ የሚያስቆጥር ግን የለም። አንዱ አልፎ አልፎ ይሞክራል፣ ሲገባለት እሱ ራሱ ይገረማል። የቀድሞው አሰልጣኝ ይህን አይቶ ጨዋታውን ቀስ አደረገው። ኳሱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ረጅሙ ልጅ ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ ይቀበላል፣ ይዞራል፣ ወይ ያስቆጥራል ወይ ፋውል ያገኛል። ሲከላከሉ ዞን ነው፣ ሰው ሳይሆን ቦታ ይጠብቃሉ፣ ሁለት ከፊት ሦስት ከኋላ። ለዓይን አይማርክም፣ አንዳንዴማ እንቅልፍ ያመጣል። ግን ያሸንፉ ነበር።

እሱ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደና ኮሚቴው አዲስ አሰልጣኝ አመጣ። ወጣት ነው፣ ሰርተፍኬት አለው፣ ሰዓት ያከብራል፣ ልጆቹን አይሰድብም። ስለ ጠባዩ ክፉ የሚወጣኝ ነገር የለም። ችግሩ በስልኩ ይዞት የመጣው ጨዋታ ነው። አምስቱም ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ይቆማሉ፣ ኳስ በተነጠቀ ቁጥር ሁሉም ይሮጣል፣ ክፍት ሆኖ የተገኘ ሁሉ ይወረውራል። ጣሪያ በሌለው ሲሚንቶ ሜዳ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ እየነፈሰ፣ ወርውረው የማያውቁ ልጆች ከሩቅ ሲወረውሩ ምን እንደሚሆን ልነግራችሁ አያስፈልግም። ብረቱ ሲጮኽ ዋለ። ሁለቱ ረጃጅሞች ከቅርጫቱ ርቀው፣ ምን እንደሚሠሩ ሳያውቁ፣ እጃቸውን አንጠልጥለው ቆሙ። አንደኛው ልምምድ መምጣቱን ከነጭራሹ ተወ። ኮሚቴው "ልጆቹ ሰነፉ" አለ፣ ወላጆች ደግሞ "አሰልጣኙ አይችልም" አሉ። ልጆቹም አልሰነፉ፣ አሰልጣኙም ይችላል። አልተገጣጠሙም፣ አለቀ።

ይህ የእኛ ሰፈር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሚሊዮን ዶላር የሚያንቀሳቅሱት ክለቦችም እዚሁ ላይ ይወድቃሉ። በአሜሪካው ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ ያሠለጠነውን ማይክ ዳንቶኒን ውሰዱ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ፊኒክስ ሰንስ በ2003/04 ያሸነፈው 29 ጨዋታ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ስቲቭ ናሽ መጣ፣ ዳንቶኒ ኳስ በእጃችሁ በገባ በሰባት ሰከንድ ውስጥ ወርውሩ አለ፣ አማሬ ስታውደማየር እየሮጠ ከናሽ ጋር ፒክ ኤንድ ሮል ይጫወታል (የናሽን ጠባቂ በሰውነቱ ያግዳል፣ ከዚያ ወደ ቅርጫቱ ሮጦ ኳስ ይቀበላል)፣ ሌሎቹ ማዕዘን ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። 62 ጨዋታ አሸነፉ። ዳንቶኒ የዓመቱ አሰልጣኝ ተባለ፣ ናሽ ደግሞ የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ሆነ።

ከዚያ በ2012 ያው ሰው ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ገባ። ወረቀት ላይ ስታዩት ቡድኑ ያስፈራል፤ ኮቢ ብራያንት፣ ፓው ጋሶል፣ ድዋይት ሃዋርድ፣ ያው ስቲቭ ናሽም እዚያ ነበር። ግን ናሽ 38 ዓመቱ ነው፣ ገና ከመጀመሩ እግሩ ተሰብሯል። ጋሶልና ሃዋርድ ሁለቱም ቅርጫቱ ሥር መሥራት የሚፈልጉ ግዙፎች ናቸው፣ ጋሶል ደግሞ ጀርባውን ሰጥቶ ሲጫወት በዘመኑ ከነበሩት ምርጦች አንዱ ነበር። ይህን ሰው ወደ ውጭ አውጥተህ ቁም ስትለው፣ ሲያሰኝህም ተቀያሪ ወንበር ላይ ስታስቀምጠው፣ ትርፉ ምንድን ነው? 45 አሸንፈው 37 ተሸነፉ፣ በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር በሳን አንቶኒዮ 4 ለ 0 ተሸኙ። ጉዳቱም በዝቶባቸው ነበር፣ ኮቢም መጨረሻ ላይ የተረከዝ ጅማቱ ተበጥሷል፤ ሁሉንም ዳንቶኒ ላይ መጫን አግባብ አይሆንም። ግን ቡድኑና ጨዋታው አልተዋወቁም ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ዳንቶኒን "አንድ ጊዜ ቀናው" ብለን እንተወው ነበር። በ2016 ግን ሂውስተን ሄደ፣ ጄምስ ሃርደንን ኳስ አደራጅ አደረገው፣ ዙሪያውን በወርዋሪ ሞላው። የዓመቱ አሰልጣኝነቱን በ2017 ደገመ፣ በ2017/18 ደግሞ 65 ጨዋታ አሸነፈ። ጭንቅላቱ ያው፣ ጨዋታውም ያው ነው። የተለዩት ልጆቹ ናቸው።

ፓት ራይሊ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ እሱ ራሱ ተለወጠ። በ80ዎቹ ሌከርስ ጋር ማጂክ ጆንሰንን ይዞ በሩጫ ሕዝብ አስጨፈረ፣ በአሰልጣኝነት አራት ዋንጫ ወሰደ፤ 1982፣ 1985፣ 1987፣ 1988። በ1991 ኒው ዮርክ ኒክስ ሲገባ ያገኘው ማጂክን አልነበረም። ፓትሪክ ዩዊንግን አገኘ፣ ቻርልስ ኦክሊን አገኘ፤ ጠንካራ፣ የሚጋፉ፣ ሥጋ የማይቆጥቡ ሰዎች። ራይሊ ያን የሎስ አንጀለስ ጨዋታ መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ቆለፈበት። ጨዋታውን ቀስ አደረገው፣ መከላከሉን አጠነከረ፣ ማንም ቅርጫቱ ሥር በነፃ እንዳያልፍ አደረገ። ብዙ ሰው "አስቀያሚ" አለው። በ1994 ለፍጻሜ ደርሰው በሰባተኛው ጨዋታ በሂውስተን ተሸነፉ። እኔ ከአራቱ ዋንጫ ይልቅ ለዚህኛው ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ፣ ዋንጫ ባያመጣም። በራስ ስኬት አለመታሰር ከባድ ነው።

እዚያው ኒክስ ቤት ከሃያ ዓመት በኋላ የሆነውን ደግሞ እዩ። ፊል ጃክሰን፣ ቴክስ ዊንተር ያስተማረውን የሦስት ማዕዘን ማጥቃት (ሦስት ተጫዋቾች በአንድ ወገን ሦስት ማዕዘን ሠርተው ኳስ የሚቀባበሉበትን) ይዞ በቺካጎና በሌከርስ 11 ዋንጫ የወሰደው ሰው፣ በ2014 የክለቡ ፕሬዚዳንት ሆኖ መጣ። ዴሪክ ፊሸርን አሰልጣኝ አደረገው፣ ሦስት ማዕዘኑንም፣ ኳስ ይዞ ብቻውን ማጥቃት የለመደው ካርሜሎ አንቶኒ ላለበት ቡድን ሰጠ። በመጀመሪያው ዓመት 17 አሸንፈው 65 ተሸነፉ። "ጃክሰን እኮ ቺካጎ ላይ ማይክል ጆርዳን ስለነበረው ነው ያሸነፈው" የሚሉ አሉ። ጆርዳን ግን ከጃክሰን በፊትም ነበር፣ ዋንጫ ግን አልነበረውም። ሁለቱ መገጣጠም ነበረባቸው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ፣ ምክንያቱም እዚህ ነገሩ ይብሳል። አሜሪካ ያለ ክለብ አሰልጣኙ የሚፈልገውን ልጅ በቅያሪ ያመጣል፣ የማይፈልገውን ይሸጣል። ዳንቶኒ ወርዋሪ ሲፈልግ ወርዋሪ ይገዛለታል። አራት ኪሎ ላይ ማንን ትቀይራለህ? ያለህ ልጅ ከሰፈርና ከትምህርት ቤት የመጣው ነው። ረጅም ከመጣልህ ረጅም፣ አጭር ፈጣን ከመጣልህ አጭር ፈጣን። ስለዚህ መታጠፍ ያለበት አሰልጣኙ ነው። ልጁ አይታጠፍም፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከደረሰ ወዴት ይታጠፋል?

ሌላም ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በስልክ የምናየው ጨዋታ ሕጉ የእኛ ሕግ አይደለም። እኛ የምንጫወተው በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ በፊባ ሕግ ነው። በኤንቢኤ አንድ ተከላካይ ማንንም በቅርብ ሳይዝ ቅርጫቱ ፊት ያለው ቀለም የተቀባ ክልል ውስጥ ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆም አይችልም፤ በፊባ ግን ለተከላካይ እንዲህ ያለ ክልከላ የለም። ይህ ማለት የእኛ ረጅም ልጅ ሙሉ ጨዋታውን እዚያው ቆሞ በሩን መዝጋት ይችላል ማለት ነው፣ በሕግ የተፈቀደለት ነው! የእኛ አሰልጣኝ ግን ቪዲዮ ላይ ስላላየው ልጁን ከዚያ አስወጥቶ በሜዳው ዙሪያ ያስሮጠዋል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይሉ የለ። በፊባ አንድ ተጫዋች በአምስተኛው ፋውል እንደሚወጣም አትርሱ፣ እዚያ በስድስት ነው። ኳስ አደራጁ አንድ ብቻ ለሆነበት ቡድን በየሜዳው ጥግ እያሳደዱ መጫወት አደጋው ይታያችሁ።

"እኛ እኮ የሯጮች አገር ነን፣ ፈጣን ጨዋታ ነው የሚስማማን" የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። ካፌ በተቀመጥን ቁጥር ይህን ያነሳል። ግማሽ እውነት አለው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ከቆላ የመጣ ቡድን እዚህ ሲሮጥ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ በዚህ መጠቀም ይቻላል። ግን ቅርጫት ኳስ የአሥር ሺህ ሜትር ሩጫ አይደለም፤ መሮጥ፣ መቆም፣ መዝለል፣ መጋፋት፣ እንደገና መሮጥ ነው። ለዚያ ደግሞ ሰው ያስፈልጋል። ልምምድ ላይ ሰባት ልጅ ብቻ የሚመጣለት ቡድን በአራተኛው ሩብ ማን ይሮጥለታል? አሥር አሥራ ሁለት ፈጣን ልጅ ያለው ቡድን ይሩጥ፣ ደስ ይለኛል፣ ቆሜ አጨበጭባለሁ።

ሩጫው የሚስማማው ቡድን እንዴት እንደሚያምር ለማየት ሩቅ መሄድም አያሻም። ደቡብ ሱዳን ረጃጅም፣ ክንደ ረጅም፣ እንደ ቁመታቸው ያልከበዱ ልጆች አሏት። አሰልጣኙ ሮያል አይቪ እነሱን ይዞ በፍጥነት አጫወታቸው፤ በ2024 ለንደን ላይ በወዳጅነት ጨዋታ በአሜሪካ የተሸነፉት 101 ለ 100፣ በአንድ ነጥብ ብቻ ነበር፣ ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 አሸነፉ። ያን ጨዋታ አይቶ መቅናት ተገቢ ነው። ነገ ጠዋት እንዳለ ቀድቶ ለሌላ ልጆች መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው።

በእግር ኳሱ እኮ ይህን ክርክር እናውቀዋለን። ውበቱ አባተ ብሔራዊ ቡድኑን ወደ ካሜሩን ይዞ ሲሄድ ስለ አጭር ቅብብል፣ ስለ ልጆቻችን ቁመትና ጉልበት ያልተከራከረ ታክሲ ነበር? "ይህ ጨዋታ ለእኛ ልጆች ይሆናል ወይስ አይሆንም" ብሎ መጠየቅ እዚያ የለመድነው ነው። ቅርጫት ኳስ ላይ ግን ሰርተፍኬቱን አይተን እንፈርማለን።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እንዳትሳሳቱብኝ። ይህ ሁሉ የማወራው ለውድድር ስለሚሰለፍ ቡድን ነው። ለሕፃናትና ለታዳጊዎች ከሆነ ሐሳቤ ሌላ ነው። የ13 ዓመት ልጅ ከእኩዮቹ ስለረዘመ ብቻ ቅርጫት ሥር ተክለው ድሪብል ሳያስተምሩት የሚያሳድጉት አሰልጣኞች አሉ። ልጁ 17 ሲሞላው ሌሎቹ ይደርሱበታል፣ ቁመቱ ተራ ይሆናል፣ እጁ ደግሞ ምንም አያውቅም። ታዳጊ ሁሉንም ይማር፤ ይወርውር፣ ያቀብል፣ በግራ እጁም ይንዳ። የእኛ ሰፈር ረጃጅሞችም ከሩቅ መወርወርን ልምምድ ላይ ቢማሩ ማን ይጠላል? ጨዋታ ቀን፣ ነጥብ በሚቆጠርበት ሰዓት፣ የማይችሉትን አታስገድዳቸው ነው የምለው።

ለመሆኑ ይህ ጨዋታ ራሱ እንዴት ተፈጠረ? ጄምስ ናይስሚዝ በ1891 አሜሪካ ስፕሪንግፊልድ በሚገኘው የወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) ማሠልጠኛ በብርዱ ወራት ቤት ውስጥ ተዘግተው የሰለቻቸው ተማሪዎች ተሰጡት። ያሉትን ልጆችና ያለውን አዳራሽ አይቶ ነው ጨዋታውን የሠራላቸው። የእኛዎቹ ትልልቆች ደግሞ የአራት ኪሎውን ሜዳ ዛሬም ወወክማ ነው የሚሉት።

ኮሚቴዎች አሰልጣኝ ሲቀጥሩ የሚጠይቁትን አውቃለሁ። ስንት ዓመት ሠራህ፣ ምን ወረቀት አለህ፣ ለታክሲ ስንት ይበቃሃል። (ከታክሲው በላይ የሚከፍል የሰፈር ቡድን ካለ ንገሩኝ።) እኔ ብሆን ሰውየው መጀመሪያ መጥቶ ዝም ብሎ ልምምድ እንዲያይ አደርገዋለሁ። ከዚያ ቁጭ አድርጌ እጠይቀዋለሁ። እነዚህን ሁለት ረጃጅሞች የት ታቆማቸዋለህ? አምስት ሰከንድ ሲቀር ኳሱን ለማን ትሰጣለህ? ኳስ አደራጁ በፋውል ቢወጣ ማን ይተካዋል? የልጆቹን ስም እየጠራ ከመለሰ ይቀጠር። "እኔ የማጫውተው እንዲህ ነው" ብሎ ከጀመረ ሻይ ጋብዤ አሰናብተዋለሁ። አሰልጣኙም መጠየቅ አለበት፤ ማን እንዳለ፣ ስንት ሰው ልምምድ እንደሚመጣ፣ ሜዳው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚገኝ። ይህን ሳይጠይቅ እሺ የሚል አሰልጣኝ ያሳስበኛል።

እናንተም ትንሿ ስታዲየም ለጨዋታ ስትመጡ አሰልጣኞቹን ስለ ዋንጫ ብቻ አትጠይቋቸው። ለምን በዚህ መንገድ እንደሚያጫውቱ ጠይቋቸው፣ መልሱንም ሳትቆርጡ አትሙልን። የሰፈራችን ኮሚቴ አባላት ጋዜጣችሁን እንደሚያነቡ አውቃለሁ፤ ለእነሱ ያለኝ መልእክት አጭር ነው። ለዚያ ረጅም ልጅ ደውሉለት። አሰልጣኙንም አታባርሩት፣ ከልጁ ጋር አንድ ላይ አስቀምጧቸው።

አክባሪያችሁ፣ ከአራት ኪሎ