ሰኞ ይደርሳል ያላችሁት የለውጥ መዝገብ የት ገባ?

ለቤቶች መረጃ ሲስተም አቅራቢያችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ቃል የተገባልን የለውጥ መዝገብ አለመሰጠቱንና ለውስጥ ኦዲት የተሰጠውን ምላሽ ይመለከታል

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የቀበሌ ቤቶችን ተከራይ፣ ኪራይና ጥገና ስለምንመዘግብበት ሲስተምና ስለ ውሉ አመጣጥ አልዘረዝርም። ፋይሉ በእጅዎ ነው። የምጽፍልዎት ስለ አንድ ሰኞ ነው።

ከዚያ ሰኞ በፊት በነበረው ሐሙስ በእኛ ስብሰባ አዳራሽ ተቀምጠን ነበር። እርስዎ ራስዎ ነበሩ። የቤቶች አስተዳደር ኃላፊያችንና የፋይናንስ ሰዎች ባሉበት «የለውጥ መዝገቡ ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዎ ላይ ይሆናል» አሉኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል፤ ፊርማዎም አለበት። የጠየቅሁት ግልጽ ነው፤ ሲስተሙ ላይ ማን ምን እንደለወጠ የሚያሳየውን መዝገብ። የተከራይ ስም የተለወጠባቸውን ቤቶች በሙሉ፣ የቀድሞው ስም ማን እንደነበር፣ ማን እንደለወጠውና መቼ እንደለወጠው።

ሰኞ ጠዋት ምንም አልመጣም። ከሰዓት ስደውል «ኔትወርክ አስቸግሮን ነው» ተባልኩ። እሺ አልኩ፤ ኔትወርክ እኛንም ያስቸግረናል። ሊመሽ ሲል አንድ የኤክሴል ፋይል በኢሜይል ደረሰኝ። የቤት ቁጥሩ አለ፣ ቀኑ አለ፣ አዲሱ ስም አለ። የቀድሞው ስም የለም። ማን እንደለወጠው የሚያሳየው ዓምድ ደግሞ ከነርዕሱ ወጥቷል።

ወዲያው ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ባለሙያችሁ ነገሩን እስክጨርስ እንኳ አልጠበቀኝም። «እናቴ፣ እርስዎ ኦዲተር ነዎት ወይስ መርማሪ ፖሊስ?» አለኝ። ከጀርባው ሰው ሲስቅ ይሰማኛል። ድምፄን ሳልቀይር ዓምዱ ለምን እንደወጣ ደግሜ ጠየቅሁ። «የሠራተኛ ስም የግል መረጃ ነው፤ በአዋጅ የተጠበቀ ነው፤ አንሰጥም» አለ። አዋጁ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ስጠይቀው «እሱን ሕግ ክፍል ይጠይቁ» አለኝና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

የአዋጁን ቁጥር እኔ ልንገራችሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። አንብቤዋለሁ። መረጃው የሚሰበሰብበትን ዓላማ የወሰነው የእኛ መሥሪያ ቤት ነው። እናንተ በእኛ ትእዛዝ የምታስኬዱ ናችሁ። የራሳችን ሠራተኛ በራሳችን መዝገብ ላይ የሠራውን ለራሳችን ኦዲተር መከልከል ከየትኛው አንቀጽ እንደመጣ በጽሑፍ ይገለጽልኝ። አዋጁ የሰውን የግል መረጃ ለመጠበቅ የወጣ ነው። መዝገብ የነካካ ሰው እንዳይታወቅ መሸሸጊያ ሲደረግ ማየት ያሳዝናል። የውስጥ ኦዲት ለሥራው የሚያስፈልገውን ሰነድና መረጃ ያለ ገደብ ማግኘት እንዳለበትም ከጥር 1 ቀን 2017 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፉ የሙያ መመዘኛ በግልጽ ይጠይቃል።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ይህ ዓምድ ለምን እንቅልፍ እንደሚነሳኝ ልግለጽልዎት። የቀበሌ ቤት ታሪኩ ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 ይነሳል። ትርፍ ቤት ሲወረስ በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ዛሬም ኪራያቸው ከገበያው ጋር አይገናኝም። አደጋው ያለው እዚያ ላይ ነው። አንድ ሰው ቤቱን በትንሽ ብር ከእኛ ይከራይና በብዙ እጥፍ ለሌላ ያከራየዋል። ተከራይ ሲሞት አብረውት የኖሩት ልጆች ስም ለማዛወር ወረቀት ይዘው ይመላለሳሉ። በመሀል ሌላ ሰው በአንድ ምሽት መዝገቡ ላይ ብቅ ይላል። ቀድሞ ይህን የምንይዘው በወረቀት ነበር። በባሕር መዝገብ ላይ ስም ቢሰረዝ ስርዙ ይታያል፤ የቀለሙ ልዩነት ይታያል፤ የጻፈው ሰው እጅ ጽሑፍ ይታወቃል። በእናንተ ሲስተም ግን አሮጌው ስም ጠፍቶ አዲሱ ንጹሕ ሆኖ ይቀመጣል። ከስር ያለውን የለውጥ መዝገብ ካላየሁ የኦዲት ሪፖርቴ ባዶ ወረቀት ነው።

ደግሞ ዓምዱ የወጣበት ሌላ ምክንያት ሳይኖር አይቀርም ብዬ እሰጋለሁ። መስኮት ላይ ያሉት ሠራተኞቻችን በአንድ «አድሚን» አካውንትና በአንድ ፓስወርድ እንደሚገቡ አይቻለሁ። ፓስወርዱ ስክሪን ላይ በወረቀት ተለጥፎ ነበር። ለየሰው አካውንት እንዲከፈት ስንጠይቅ «ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ተጠቃሚ ክፍያ አለው» ያላችሁን እናንተ ናችሁ። ውሉ ላይ እንዲህ የሚል ነገር የለም። የሚመዘግበውና የሚያጸድቀው ሰው በአንድ ስም ከገቡ ቁጥጥር የሚባል ነገር የለም። ይህን ለሶፍትዌር ባለሙያ ማስረዳት ነበረብኝ?

ከዚህ በፊት እንደ ጥቃቅን አይቼ ያለፍኳቸውም አሁን አይታለፉም። ሲስተማችሁ ጳጉሜንን አያውቅም። የነሐሴን ኪራይ ጳጉሜን 2 ቀን የከፈለች እናት መስከረም ላይ እንደከፈለች ተቆጥሮ ቅጣት ይታሰብባታል። የስም ፍለጋውም «ኃይሉ» እና «ሀይሉ»ን ሁለት ሰው ያደርጋቸዋል። እንዲህ ከሆነ በአንድ ሰው ስም ሁለት ቤት መኖሩን በምን እናጣራለን? መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ያልተቀመጠ የክፍያ መረጃ ይጠፋል፤ ደረሰኙ ግን በተከራዩ እጅ ነው። ባክአፕ (የመረጃውን መጠባበቂያ ቅጂ) እንደምትይዙ ነግራችሁናል። አንድም ቀን ከባክአፑ መልሳችሁ አላሳያችሁንም።

ከሁሉም በላይ ያስቆጣኝ ግን የጥገና ጥያቄው ነው። ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ያለ አንድ የጭቃ ቤት ለናሙና ወጥቶልኝ ሄድኩ። ሲስተሙ «ጥገናው ተጠናቋል» ይላል። ግድግዳው ግን ከወለሉ እስከ መስኮቱ ድረስ ሻጋታ ነው። ክረምቱ ሲገባ ከስር እርጥበት ይስባል፤ ጣሪያውም ያፈሳል። ልጆቹ በሚተኙበት በኩል ያለው ግድግዳ ብሷል። እናትየዋ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። «ጥያቄዎ ተስተናግዷል፤ እናመሰግናለን» የሚል መልእክት ተልኮላታል። ቤቷን የረገጠ ጠጋኝ ግን የለም። ለካ ጥያቄው የተወሰነ ጊዜ ካለፈው ሲስተሙ በራሱ ይዘጋዋል። ይህን የነገረን የለም። እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ ለበላይ አካል የሚቀርበው የጥገና አፈጻጸም እውነት ይመስለኝ ነበር።

በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በሚባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን ሞተ። ቤተሰቡ የሚኖረው ኪራዩ ዝቅ ባለ የማኅበራዊ ቤት ነበር። አባቱ ስለ ሻጋታው ከዓመታት በፊት ጀምሮ አመልክቶ ነበር። በ2022 በተደረገው ምርመራ የሞቱ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ለሻጋታ መጋለጡ መሆኑ ተረጋገጠ። ከዚያ በኋላ በሕፃኑ ስም ሕግ ወጣ፤ በ2025 ጥቅምት ላይ ሥራ ላይ መዋል ጀመረ። አከራዩ አደገኛ እርጥበትና ሻጋታን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲመረምርና እንዲያስተካክል ያስገድዳል። እኛ አገር እንዲህ ያለ ሕግ ባይኖርም የሕፃን ሳንባ ያው ሳንባ ነው። ማንም ያላየውን ቤት «ተጠናቋል» የሚል ሲስተም ለኔ የቴክኒክ ችግር ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ የለውጥ መዝገቡ ሙሉ በሙሉ፣ ምንም ዓምድ ሳይወጣለት፣ በእናንተ ማኅተም ተረጋግጦ ለውስጥ ኦዲት ክፍል እንዲሰጠን እጠይቃለሁ። የሠራተኛው ስም ከመጀመሪያውም ካልተመዘገበ ያ በጽሑፍ ይነገረን። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ላይ የሚሰረዝ ነገር ቢኖር ማስረጃ እንደማጥፋት እንቆጥረዋለን። በራሳቸው የተዘጉት የጥገና ጥያቄዎች በሙሉ ተመልሰው ይከፈቱ፤ ዝርዝራቸውም ይላክልን። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የራሱ አካውንት ይከፈትለት። የጳጉሜን ቅጣት የታሰበባቸው ተከራዮች ሂሳብ ይስተካከል፤ ከእነሱ ላይ ተቀንሶ የቆየ ገንዘብ ነውና ይህ ለነገ የሚባል አይደለም።

ይህ በጊዜው ካልተፈጸመ ቀሪው ክፍያ እንዲያዝ ለኃላፊያችን የውሳኔ ሐሳብ አቀርባለሁ። መረጃችን በሙሉ ወጥቶ እንዲሰጠንና ውሉ እንዲቋረጥም እጠይቃለሁ። ሪፖርቱም ለክልሉ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ይላካል።

ያ ባለሙያም ስልክ ደውሎ ይቅርታ ይጠይቅ። ለእኔ ክብር ብዬ አይደለም። ከእኔ በኋላ የሚመጣው ወጣት ኦዲተር ተስቆበት ጥያቄውን እንዳይተው ነው። ጥያቄውንም እዚሁ እመልስለታለሁ፤ ኦዲተር ነኝ። ማን እንደለወጠው መጠየቅ ሥራዬ ነው።

ከሰላምታ ጋር
የውስጥ ኦዲት ክፍል ኃላፊ

ግልባጭ
ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ
ለቤቶች አስተዳደር የሥራ ሂደት
ለፋይናንስና ግዥ ክፍል