የሎረልና የሃርዲ ሥራ ከካሜራ ጀርባም ይታይ

ክቡር አዘጋጅ፦

በኪነ ጥበብ ዓምዶች የቀልድ ፊልም ተዋናዮቹ ስታን ሎረልና ኦሊቨር ሃርዲ «ቀጭኑና ወፍራሙ» ተብለው ብቻ ሲታለፉ ደጋግሜ በማየቴ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። እንግሊዛዊው ሎረልና አሜሪካዊው ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1927 በሃል ሮች ስቱዲዮ ሲጣመሩ ሁለቱም ለየብቻቸው ብዙ ፊልም የሠሩ ነበሩ፤ ብዙ ባልደረቦቻቸው የተሰናከሉበትን ከድምፅ አልባ ወደ ባለድምፅ ፊልም የተደረገ ሽግግርም በሚገባ ተወጥተውታል።

እኔን ይበልጥ የሚቆጨኝ የሎረል ድርሻ መዘንጋቱ ነው። ስሙ በዳይሬክተርነት ባይጻፍም፣ ቀልዶቹን በማፍለቅም ሆነ ከቀረጻ በኋላ ከኤዲተሩ ጋር በመቀመጥ ዋነኛው ሠራተኛ እርሱ ነበር። ፊልሙን በቅድሚያ ለተመልካች አሳይተው፣ ሳቁ የሚፈጀውን ጊዜ እያስተዋሉ ትዕይንቱን ያስረዝሙት ወይም ያሳጥሩት ነበር፤ ሃርዲ በትዕግሥት ወደ ካሜራው የሚመለከትባት ያቺ ቅጽበትም ሳቁ እስኪበርድ ቀጣዩን ንግግር ታቆይላቸው ነበር። (ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያቺን አስተያየቱን በሌላ ዓይን ነው የማያት።)

እ.ኤ.አ. በ1932 ኦስካር ያገኘው አጭር ፊልማቸው ፒያኖ በረጅም ደረጃ ከማውጣት የዘለለ ታሪክ የለውም፤ ሆኖም ሳጥኑ ቁልቁል በተንሸራተተ ቁጥር የሚያስቀን መውደቁ ብቻ ሳይሆን፣ እንደሚወድቅ እያወቅን የምንጠብቅበት ጊዜ ጭምር ነው።

ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1957 ካረፈ በኋላ ሎረል ዳግም አልተወነም። በ1961 የተሰጠው የክብር ኦስካርም በቀልድ ፊልም ፈር ቀዳጅነቱ ነበር። ወደፊት ስለ እነርሱ ስትጽፉ ለዚህኛውም ሙያቸው ቦታ እንድትሰጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢያችሁ