እናቲቱን ከመቆጣታችሁ በፊት ማን ነገራት?

ይድረስ ለጤና ቢሮው ኃላፊ፣

ይህን በአደባባይ የምጽፈው ቢሮዎ በር ላይ መቆም ስለሰለቸኝ ነው። አቤቱታዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። «እናየዋለን» ተባልኩ። ያየው ግን የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ገና ዓመቱ ነው። ተቅማጥ ሲይዘው ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት አንቲባዮቲክና ኦአርኤስ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን የጨውና የስኳር ዱቄት) ጻፈላት። መድኃኒት ክፍል ያለችውም በመስኮት አቀበለቻትና ቀጣዩን ጠራች። በቃ። እንዴት እንደሚበጠበጥ የነገራት የለም።

እህቴ እሽጉን ሙሉውን በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጠበጠችው። ለአንድ ሊትር የተዘጋጀ ነው እኮ! እንዲያ ሲወፍር ውሃውን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፣ ደም ውስጥ ያለውንም ጨው ከልክ ያሳልፈዋል። ልጁ ባሰበት። ዓይኑ ጎደጎደ፣ ለመጠጣት እንኳ አቅም አጣ። መልሳ ስትወስደው ያው ባለሙያ «ምን ዓይነት እናት ነሽ?» ብሎ በሰው ፊት ጮኸባት። ልጁ ተርፏል፣ ተመስገን። እኔን እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ቁጣ ነው። ያልነገሯትን ከየት ታምጣው?

እርስዎ መመሪያውን ያውቁታል። ደም ለሌለው ተራ ተቅማጥ አንቲባዮቲክ አይታዘዝም። ዋናው መድኃኒት ኦአርኤስና ዚንክ ነው። ዚንክ ጭራሽ አልተጻፈላትም። እሱ ደግሞ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። የተበጠበጠው ኦአርኤስ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ልጁ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። ጡትም ምግብም አይከለከልም። ደም ከታየ፣ ልጁ ከዛለ ወይም መጠጣት ካቃተው ሳይውል ሳያድር መመለስ አለበት። ይህን ለመንገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ሰው ይበዛብናል እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እውነትም ይበዛባችኋል። ግን ለእናቱ በደንብ ተነግሯት ቢሆን ያ ልጅ ሁለተኛ ባልመጣ ነበር። አልጋም ባልያዘ።

የምጠይቀው ይህን ነው። ኦአርኤስ የሚሰጣት እናት አበጣበጡን እዚያው በራሷ አንደበት ሳትናገር አትሸኝ። ማንበብ ለማትችለውም በሥዕል ይለጠፍላት። ያ ባለሙያም እህቴን ይቅርታ ይጠይቃት፤ በሰው ፊት ነው የተቆጣት፣ በሰው ፊት ይሁን።

መልስዎን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።