የፈረሰውን የወንዝ ዳር ግድግዳ መልሶ ለመሥራት የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎችና የዕድራችን አባላት፣ እንዲሁም በውጭ አገር ለምትኖሩ የሰፈራችን ልጆች፤

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ሌሊቱን በጣለው ዝናብ የቀበና ወንዝ ሞልቶ፣ በእናንተ መዋጮ የተሠራውን የጋቢዮን (በሽቦ መረብ ውስጥ ድንጋይ ተሞልቶ የሚሠራ) ግድግዳ ከድልድዩ በታች ባለው ክፍል ገልብጦታል። ሽቦው ተበጥሶ ድንጋዩ ወንዙ መሐል ተበትኗል፤ ከግድግዳው ጀርባ ከተተከሉት የወይራና የሐበሻ ጽድ ችግኞችም ብዙዎቹ ተነቅለው፣ የቀሩት በደለልና በፌስታል ተሸፍነዋል። ለጥገናው የተጀመረው መዋጮ ከመስቀል ወዲህ ስለቆመ፣ ኮሚቴው ደግሞ ደጋግሞ ደጅ መጥናቱ ቢከብደውም ይህን ጥሪ ለማቅረብ ተገድዷል።

በዕድር ስብሰባ ላይ «ለዛፍ ያዋጣነው ብር ለምን ድንጋይና ሽቦ ሆነ? ለጥናትስ ለምን ተከፈለ?» የሚል ቅሬታ በተደጋጋሚ ስለተነሳ፣ በዚህ ረገድ ግልጽ መልስ መስጠት ይገባናል። የወንዝ ዳር አረንጓዴ መስመር በብዙ ቦታ ሲጀመር የውሃ ሥራ ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጨረሻ የመናፈሻ ነዳፊው ፍሬድሪክ ሎ ኦልምስቴድ በአሜሪካዋ ቦስተን እርስ በርስ የተያያዙትን መናፈሻዎች ሲጀምር፣ የተረከበው ቦታ የከተማው ፍሳሽ የሚጠራቀምበትና የባሕሩ ውሃ ሲሸሽ የሚከረፋ ረግረግ ነበር፤ ተክሉ የታሰበው ፍሳሹ የሚሄድበትና ጎርፉ የሚያርፍበት ስፍራ አብሮ ተበጅቶ ነው። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1910 የቻርልስ ወንዝ ሲገደብ ጨዋማው ውሃ ስለቀረ ለዚያ ውሃ የተመረጠው ተክል ጠፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ሙዲ የተባለው ወንዝ ሞልቶ ጎርፉ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ገባ። ከተማው ግን በቱቦ ተቀብሮ የቆየውን የወንዙን ክፍል መልሶ ከፈተ እንጂ ሥራውን አልተወውም። በሰሜን ካሮላይናዋ ራሊም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አረንጓዴ መስመሮች ሲታቀዱ የተመረጡት ጎርፍ የሚተኛባቸው፣ ቤት ሊሠራባቸው የማይገባቸው የወንዝ ዳር መሬቶች ናቸው።

ወደ ከተማችን ስንመለስ፣ ለለንደን የአረንጓዴ ቀበቶ (በከተማ ዙሪያ ግንባታ የማይስፋፋበት መሬት) ዕቅድ ያወጣው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ለአዲስ አበባም ማስተር ፕላን ነድፎ ነበር፤ ከእርሱ በኋላ በመጡት ፕላኖች ላይ አረንጓዴ ተብሎ የተሰመረውን የወንዝ ዳር ግን እኛ የምናውቀው ቆሻሻ ሲደፋበት ነው። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት 29 ቢሊዮን ብር እንደሚጠይቅ ሲነገር፣ የሰፈራችን ሰውም በየበኩሉ ያለውን ቁራጭ ዳርቻ ማጽዳት እንደሚችል ተነሳሳ። (ለፕሮጀክቱ ገንዘብ ለማሰባሰብ በተዘጋጀው እራት ለአንድ ገበታ 5 ሚሊዮን ብር የከፈሉትን ያህል አቅም ባይኖረንም፣ ጉልበት ነበረን።)

ከድልድዩ በላይ ያለውን ክፍል ዛሬም ሄዶ ማየት ይቻላል። እዚያ በጥናቱ መሠረት ግድግዳው ከሥሩ የድንጋይ ንጣፍ ተደርጎለት፣ ጀርባውም የቬቲቨር ሣር ተተክሎበት ስለነበር ያው ጎርፍ ሲያልፍበት ከቦታው አልተነቃነቀም። ከድልድዩ በታች ግን መዋጮው ስላልሞላ ንጣፉ ለሁለተኛ ዙር ተላልፎ ነበር፤ ውሃውም መሠረቱን ከሥር ቦርቡሮ ግድግዳውን ጣለው። ወጪው ሁሉ በደረሰኝ የተደገፈ ሲሆን፣ የሒሳብ መዝገቡ ማንም አባል ሊመረምረው በሚችልበት ሁኔታ በዕድሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል።

አሁን የሚያስፈልገው የተበተነውን ድንጋይ ለመልቀም የሰው ጉልበት፣ ለአዲስ ሽቦ፣ ለመሠረት ንጣፉና ለግንበኞች ደግሞ ገንዘብ ነው። ሥራው ሊሠራ የሚችለው ውሃው በሚጎድልበት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ የበልጉ ዝናብ ከቀደመን በዳርቻው ያሉት ቤቶች ለአደጋ ይጋለጣሉ። ከቅዳሴ መልስም ሆነ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በዚያው ድልድይ የምንሻገር ሁሉ የጎረቤት ሐቅ አለብን፤ ምጽዋትንም ሰደቃንም ለዚህ ማዋል ከሃይማኖታችን ጋር የሚሄድ ነው።

ክፍያ የሚፈጸመው በዕድሩ ስም በተከፈተውና በሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ በሚንቀሳቀሰው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። የሒሳቡ ቁጥር ከዋጋ ዝርዝሩ ጋር በዕድሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፏል። በውጭ ያላችሁም ቁጥሩን ከቤተሰቦቻችሁ ተቀብላችሁ በባንክ በኩል ብቻ እንድትልኩ እንጠይቃለን። በድጋሚ ለማሳሰብ፣ ገንዘብ በእጅ እንዲቀበል የተወከለ የኮሚቴ አባል የለም፤ ያስገባችሁበትን የባንክ ደረሰኝ ለዕድሩ ጸሐፊ አሳይታችሁ ስማችሁ በመዝገቡ ላይ መስፈሩን አረጋግጡ።

የወንዝ ዳር ልማት ኮሚቴው