የእግር ጉዞ ክበብ፦ የጎፍን ወጥተን ሀዲዱን ለካን

የክበባችን ዓመት በወረቀት ሲታይ ብዙ አይመስልም። መስከረም ላይ ተመዘገብን፣ ዝናቡ ሲያባራ መሄድ ጀመርን፣ በፈተና ሰሞን አረፍን። ችግኝም ተክለናል፤ እሱን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ስለሚጽፈው እዚህ አልደግመውም። ቀናችን ቅዳሜ ነው፤ ዓርብ ጁምዓ፣ እሑድ ቅዳሴ አለ። እኔ ግን ተማሪዎቹ እስካሁን የሚያወሩትን የየጎፍ ተራራን ጉዞ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

ከኮምቦልቻ ተነስተን ተራራውን ተያያዝነው። ታችኛው ክፍል ክትክታና አጋም ነው። ከፍ ሲሉ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያም ጥድና ወይራ ይመጣል። አጋሙ ደርሶ ስለነበር ሰልፉ ወዲያው ፈረሰ። ከንፈሩ ያልጠቆረ አልነበረም። አንዷ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ሻርፗን እሾህ ያዘባት፤ ሳይቀደድ ለማላቀቅ ሦስት ሰው ተረባረበ። የአጋም እሾህ ጥንድ ጥንድ ነው፤ አንዱን ሲያስለቅቁት ሌላው ይይዛል።

ልጆቹ በፕሮትራክተር ላይ ክር አስረው፣ ክሩ ጫፍ ላይ ጠጠር አንጠልጥለው ተዳፋት መለኪያ ሠርተዋል። የአህያውን መንገድ ሲለኩት 14 ዲግሪ ወጣ። በ100 ሜትር ወደ 25 ሜትር ሽቅብ ማለት ነው። አህያ ቀስ ብላ ትወጣዋለች። ባቡር ግን አይሞክረውም። የብረት ጎማ በብረት ሀዲድ ላይ ስለሚንሸራተት፣ ለጭነት ባቡር በ100 ሜትር 3 ሜትር እንኳ ከባድ ዳገት ነው። አዲሱ የባቡር መስመር የሚነሳባት አዋሽ ከባሕር ጠለል ከ1,000 ሜትር በታች ናት፤ የሚያልፍባት ኮምቦልቻ ደግሞ 1,800ን ታልፋለች። መስመሩ ኮረብታ የሚቆርጠው፣ ዋሻ የሚገባው፣ ሸለቆ የሚሞላው ለዚህ ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! የገባቸው ግን ላብ ሲያልባቸው ነው።

ከላይ ሆነን ከተማውን፣ የቦርከናን ወንዝና የባቡር መስመሩን አየን። ሥራው በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር አብዛኞቹ ልጆች ፊደል አልቆጠሩም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርስ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሥራ ተቋራጩ የቱርኩ ያፒ መርኬዚ ነው። አዋሽ ላይ ከአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ጋር ይገናኛል። በ2014 ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ ሥራው ተቋረጠ። ከኮምቦልቻ ወደ ሰሜን ያለው ክፍል ገና ብዙ ይቀረዋል።

ከተራራው ወርደን የተቆረጠ ኮረብታ ጋ ደረስን። እዚህ ብዙ ቆየን። ላዩ ጥቁር አፈር ነው፤ የክትክታው ሥር ከጫፉ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ክብ ክብ ድንጋዮች አሉ። አንዱን በጣት ሲነኩት እንደ ሽንኩርት ተላጠ። ባዛልት ውኃና አየር ሲበላው እንዲህ ነው። ይህ ድንጋይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆነዋል ስላቸው አንዱ፣ «ቲቸር፣ ታዲያ ለባቡሩ ምን አስቸኮለን?» አለኝ። ዝም አልኩ፤ ሌሎቹ ግን በሳቅ ፈረሱ።

ሀዲዱ ጋ ስንደርስ ጥበቃውን አስፈቅደን በሜትር ለካን፤ ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ 1,435 ሚሊ ሜትር። የድሮው የጅቡቲ ባቡር 1 ሜትር ብቻ ስለነበር ፉርጎው እዚህ መግባት አይችልም። አንድ እናት ፍየል እየነዱ በሀዲዱ ሥር ባለው የኮንክሪት መሿለኪያ ብቅ አሉ።

«ባቡሩ መጣ እንዴ፣ ልጆቼ?»

«አልመጣም፣ እማማ።»

«እንግዲያማ እኛ እየተጠቀምንበት ነው» አሉና መሿለኪያውን አሳዩን። ጠዋት ፍየሎቹ በዚያ ወደ ግጦሽ ይሄዳሉ፣ ቀትር ላይ ጥላው ሥር ይተኛሉ። ልጆቹ ይህንንም በሚሠሩት የጉዞ ካርታ ላይ አስገቡት።

ካርታው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተለጥፏል። በመጪው ዓመት ሐይቅ ድረስ ለመሄድ አስበናል። መመዝገብ የምትፈልጉ የወላጅ ፈቃድ፣ ውኃና ደህና ጫማ ይዛችሁ ኑ። በሸበጥ የሚመጣ አንወስድም።