ውሻው ባለቤት አለው፦ ለደሴ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ከንቲባ፣

ጎህ ሳይቀድ ለሱብሂ ሶላት የሚወጣውም ለኪዳን የሚገሰግሰውም ዱላ ይዞ ነው። ከሆጤ እስከ ሰኞ ገበያ መንገዱን የያዙትን ውሾች «የመንገድ ውሻ» እያልን እናልፋቸዋለን እንጂ ብዙዎቹ ቤት አላቸው። ማታ ግቢ እንዲጠብቁ ይፈታሉ፤ በር ሲከፈት ወይም በአጥር ቀዳዳ ሾልከው ይወጣሉ፤ ረፋድ ላይ ተመልሰው ደጃፍ ላይ ይተኛሉ። የነከሱ ዕለት ግን «የኔ ነው» የሚል አይገኝም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ደንግጓል። «አምልጦኝ ነው» ማለት እንኳ አያድነውም። የተነካሹ ጭንቅ ውሻው የማን እንደሆነ ማስረዳቱ ላይ ነው። ስለዚህ ቀበሌዎች የባለቤቱን ስምና የቤት ቁጥር፣ የውሻውን ጾታ፣ ቀለምና የተከተበበትን ቀን ይመዝግቡ፤ የመዝገቡም ቁጥር በውሻው አንገት ላይ ይንጠልጠል።

ውሻ ሲበዛ መርዝ ይበተን የሚል ሐሳብ ይነሳል። እንዳይደረግ አጥብቀን እንለምናለን። መርዝ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም፤ ቆሻሻውና የሥጋ ቤቱ ጥራጊ እስካለ ድረስ የሞተውን ቦታ ሌላ ያልተከተበ ውሻ ይይዘዋል። የእብድ ውሻ በሽታን ስርጭት የሚገታው ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶውን መከተብ ነው፤ 300 ውሻ ባለበት ቀበሌ 210 ማለት ነው። ቡችላ ስለሚወለድ፣ አሮጌው ስለሚሞት በየዓመቱ መደገም አለበት። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል። የብዙ ውሻ መጠን የያዘ ብልቃጥ አንዴ ከተከፈተ ለነገ ስለማይቀመጥ፣ ውሾች በታወቀ ቀን ተሰብስበው ቢመጡ ብክነቱ ይቀንሳል።

አስተሳሰሩም ደንብ ይፈልጋል። ቀጭን ናይለን ገመድ አንገት ይቆርጣል፤ ቡችላ ላይ የታሰረው ደግሞ ውሻው ሲያድግ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ሰፊ ቀበቶ ሆኖ ሁለት ጣት የሚያስገባ መሆን አለበት። ቀኑን ሙሉ አንድ ችካል ላይ የዋለ ውሻ ይከፋል። በሁለት ምሰሶ መካከል ሽቦ ተወጥሮ ሰንሰለቱ በቀለበት ቢንሸራተትበት ግቢውንም ይጠብቃል፣ እግሩንም ያፍታታል፤ ሽቦው ግን እንግዳ ከሚገባበት በር ራቅ ብሎ ይቁም።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀን ከንክሻ በኋላ የሚሆነው ነው። ሰፈሩ ተሰብስቦ ውሻውን በድንጋይ ራሱን ፈጥፍጦ ይገድለዋል፤ ወይም ባለቤቱ ገጠር ዘመድ ቤት ይሰደዋል። በሁለቱም መንገድ ማስረጃው ይጠፋል። ደህና የሚመስል ውሻ በጠንካራ ማሰሪያ ታስሮ 10 ቀን መታየት አለበት፤ በነከሰበት ጊዜ በምራቁ በሽታውን ያስተላልፍ ከነበረ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ምልክቱ ይወጣበታል ወይም ይሞታል። ድምፁ ሲጎረንን፣ መንጋጋው ሲንጠለጠል፣ ለሃጩ ሲዝረከረክ፣ እንጨትና ድንጋይ ሲነክስ ማንም አይጠጋው፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር። ከሞተም ምርመራው የሚደረገው በአንጎሉ ላይ ስለሆነ ራሱ መጎዳት የለበትም። ውሻን 10 ቀን አስሮ ማሳየት የባለቤቱ ግዴታ፣ መሰወሩም የሚያስቀጣ ይሁንልን።

የተነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያጥበው፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። የውሻውን 10 ቀን እጠብቃለሁ ብሎ ክትባቱን አያዘግይ። ጠበል የሚጠመቀውም ዱዓ የሚያስደርገውም ክትባቱን አስቀድሞ ይጀምር፤ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም። ይህ በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ ቢነገር ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል።

ምዝገባው ሥጋ ቤት ከሚበዛባቸው ቀበሌዎች ይጀመር፤ ውሻው የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ሥጋ ቤቶቹም ጥራጊያቸውን ክዳን ባለው በርሜል እንዲያስቀምጡ በዚያው ሳምንት ይታዘዙልን።

በደሴ የምንሠራ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች